መረጃን ሚዛን ላይ ያወጣው ሰው

ጤፍ በኪሎ፣ ጨርቅ በሜትር፣ ዘይት በሊትር እንገዛለን። ዳታ ደግሞ በጊጋባይት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አያስገርሙም፤ ይዳሰሳሉ፣ ይመዘናሉ፣ ዕቃ ውስጥ ይገባሉ። አራተኛው ግን ቆም ብላችሁ ካሰባችሁት ይገርማል። የእናታችሁ ድምፅ፣ የኳስ ቪዲዮ፣ የሰርግ ፎቶ፣ ከባንክ የመጣ መልእክት ሁሉም በአንድ መለኪያ ይሸጣሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሚዛን ይለካሉ ያለው ማን ነው?

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል ጥያቄው አልለቅ ያለኝ። ያልተለካ ነገር ዋጋ አይወጣለትም፤ ዋጋ ያልወጣለት ደግሞ ገበያ አይወጣም። ክፍል ውስጥ ስለ መረጃ ብዙ አውርተናል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ ተምረናል። መረጃ ራሱ በምን ይለካል የሚለው ግን አንድም ቀን አልተነሣም። መልሱን ያገኘሁት ክላውድ ሻነን ከሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅና ኢንጂነር ሕይወት ውስጥ ነው። ሰውየው ከሞተ ብዙዎቻችሁ ስልክ መያዝ ከጀመራችሁበት ጊዜ በላይ ሆኖታል። ግን ይሄን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ ያደረሰው አብዛኛው ነገር እሱ በከፈተው መንገድ የመጣ ነው።

ዛሬ ስለ ሕይወቱ የምጽፈው ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። እዚህ አገር አንድ ወጣት ምን እንደሚያጠና ሲናገር መጀመሪያ የሚጠየቀው እንጀራ ይሆናል ወይ ተብሎ ነው። ጥያቄው ስህተት አይደለም፤ ቤት ኪራይ አለ፣ ቤተሰብ አለ። ግን የሻነን ታሪክ ይሄን ጥያቄ በደንብ ያወዛውዘዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአጥር ሽቦ የተላከ መልእክት

ሻነን በ1916 ሚሺጋን ውስጥ ተወለደ፤ ያደገው ጌይሎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ነጋዴና የውርስ ጉዳዮችን የሚያይ ዳኛ ነበር። እናቱ ቋንቋ መምህርት ነበረች፤ የከተማዋን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በርዕሰ መምህርነት መርታለች። ልጁ ግን የሚወደው ፈታቶ መገጣጠም ነው። ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ስምንት መቶ ሜትር ያህል ርቆ ከሚኖር ጓደኛው ጋር ለመነጋገር ደግሞ በመካከላቸው ያለውን እሾሃማ የአጥር ሽቦ የቴሌግራፍ መስመር አደረገው። አዲስ ሽቦ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ ያለውን አጥር ተጠቀመ።

በልጅነቱ የዌስተርን ዩኒየን መልእክት አድራሽ ሆኖም ሠርቷል። ዌስተርን ዩኒየን ለእኛ ከውጭ ዘመድ የሚልከው ገንዘብ የሚመጣበት ነው፤ ያኔ ግን ዋና ሥራው ቴሌግራም ማድረስ ነበር። አፑን ማለቴ አይደለም፤ በነጥብና በሰረዝ ተልኮ በወረቀት ተጽፎ ቤት ድረስ የሚመጣውን።

ከፍልስፍና ክፍል እስከ ማብሪያ ማጥፊያ

በ1932 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ዲግሪ ያዘ፤ አንዱ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ፣ ሌላው በሒሳብ። እዚያ እያለ ሎጂክ የሚባል ኮርስ ወሰደ። ኮርሱ ውስጥ ጆርጅ ቡል የሚባል እንግሊዛዊ ያወጣው ነገር ነበር። ቡል እውነትንና ሐሰትን በ1 እና በ0 ተክቶ፣ የሰውን አመክንዮ እንደ ሒሳብ መደመርና ማባዛት ይቻላል ብሎ በ1854 መጽሐፍ ያወጣ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሐሳቡ በፈላስፎችና በሒሳብ ሰዎች እጅ ቆየ። እንጀራ ይሆናል ወይ ብትሉ መልሱ ግልጽ ነበር፤ አይሆንም።

በ1936 ሻነን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ አየ። ቦስተን አጠገብ የሚገኘው ኤም አይ ቲ፣ ቫኔቫር ቡሽ የሚባል ፕሮፌሰር የሠራውን ትልቅ የስሌት ማሽን የሚንከባከብ ረዳት ይፈልጋል። ማሽኑ ክፍል የሚሞላ፣ በጥርስና በዘንግ የሚሽከረከር ነው። የሚቆጣጠሩት ደግሞ ሪሌይ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበሩ። ያኔ የስልክ ማዞሪያዎችም በእነዚህ ሪሌዮች ነው የሚሠሩት። የሽቦ አሠራራቸውን የሚነድፉት ኢንጂነሮች ግን በልምድና በሙከራ ነበር የሚሄዱት፤ ይሄን አገናኝ፣ ካልሠራ ያንን ሞክር።

ሻነን እነዚያን ማብሪያ ማጥፊያዎች ሲያይ የፍልስፍና ክፍሉ ትዝ አለው። ሁለት ማብሪያዎች አንዱ ከሌላው ኋላ በአንድ መስመር ላይ ካሉ አምፖሉ የሚበራው ይሄኛውም ያኛውም ሲዘጉ ነው። ጎን ለጎን ከሆኑ ደግሞ ይሄኛው ወይም ያኛው ቢዘጋ ይበራል። «እና» እና «ወይም» ማለት ነው። የቡል ሒሳብ ሽቦ ላይ ተገኘ። ስለዚህ አንድን ሰርኪዩት ገና አንድ ሽቦ ሳይቆረጥ ወረቀት ላይ በሒሳብ ጽፎ፣ ትርፉን አጣፍቶ፣ ባነሰ ዕቃ መሥራት ይቻላል። በዚያው መንገድ ማሽን እንዲደምርና እንዲወስን ማድረግም ይቻላል። ይሄን የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፉ አድርጎ ሲያስገባ ዕድሜው 21 ነበር፤ ዓመቱ 1937። ዛሬ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር የሚነደፈው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ለዚህ ሥራ በ1940 የአልፍሬድ ኖብል ሽልማትን አገኘ። አንብባችሁ ኖቤል ያላችሁ ተመለሱ፤ ከስዊድኑ ኖቤል ጋር የማይገናኝ የአሜሪካ ኢንጂነሮች ሽልማት ነው። ዶክትሬቱን ደግሞ፣ በቡሽ ምክር፣ በጄኔቲክስ ሒሳብ ላይ ሠራና በዚያው ዓመት ጨረሰ። ከጨረሰ በኋላ ወደ ጄኔቲክስ አልተመለሰም። የማወቅ ጉጉቱ ሲረካ ይሄዳል፤ ይሄ ባሕርይ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም።

ሁለት ሰዎች፣ የማይወራ ወሬ

በ1941 ቤል ላብስ ገባ። ቤል ላብስ የአሜሪካ ስልክ በእጁ የነበረው የኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ የምርምር ቤት ነው። ጊዜው የዓለም ጦርነት ስለነበር ሻነን የአየር መከላከያ መድፍ ዒላማ ስሌትና የምስጢር መልእክት ላይ ተመደበ። በዋሽንግተንና በለንደን መካከል የመሪዎች የስልክ ንግግር እንዳይጠለፍ በሚጠብቀው ሲግሳሊ በሚባለው ሥርዓት ላይም ሠርቷል።

በ1943 መጀመሪያ እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ለሁለት ወር ያህል ወደ ቤል ላብስ መጣ። የጀርመንን የምስጢር ጽሑፍ ከሚሰብሩት ዋና ሰዎች አንዱ ነው። ሁለቱ ካፍቴሪያ እየተገናኙ ሻይ ይጠጡ ነበር። ሁለቱም በምስጢር መልእክት ላይ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ስለ ሥራቸው ለሌላው ትንፍሽ ማለት አይችሉም። ስለዚህ ያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ? ዛሬ ስለ ኤአይ የምንከራከረውን ክርክር እነሱ በጦርነት መሀል፣ ሻይ ላይ ጀምረውታል።

ከዚያ የምስጢር ሥራ ሻነን ሁለት ትልልቅ ነገሮችን አወጣ። አንደኛው፦ ጠላት የአሠራር ዘዴህን በሙሉ እንደሚያውቅ ቆጥረህ ሥራ፤ ምስጢር የሚሆነው ቁልፉ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው፦ ቁልፉ እንደ መልእክቱ ረጅም፣ በዕጣ የተመረጠና ከአንድ ጊዜ በላይ የማያገለግል ከሆነ መልእክቱን ማንም፣ በምንም ማሽን፣ መቼም ሊፈታው እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጠ። ይሄ ሥራ በ1949 ለሕዝብ ታተመ።

ትርጉሙን ተዉት

ምስጢርን ለመደበቅ መጀመሪያ መልእክት ማለት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሻነን ለዓመታት ማታ ማታ ቤቱ ሆኖ የሚያሰላስለው ይሄንን ነበር። በ1948 የቤል ላብስ መጽሔት ላይ በሐምሌና በጥቅምት ወር በሁለት ክፍል አወጣው። የጽሑፉ ስም የኮሙዩኒኬሽን ሒሳባዊ ቲዎሪ ነው።

የመጀመሪያ እርምጃው ድፍረት ይጠይቃል። የመልእክቱን ትርጉም ተወው። ለመሐንዲሱ የፍቅር ደብዳቤም የዕዳ ማስጠንቀቂያም አንድ ናቸው አለ። ዋናው ጥያቄ ተቀባዩ ከመስማቱ በፊት ምን ያህል ያልገመተው ነገር ነበር የሚለው ነው። ሳንቲም ወርውራችሁ ዘውድ ወይስ ጎፈር ብትሉ መልሱ አንድ ቢት መረጃ ነው። ቢት የሚለውን ስም ያወጣለት ባልደረባው ጆን ቱኪ ነው። ከስምንት እኩል ዕድል ካላቸው ነገሮች አንዱ ከሆነ ሦስት ቢት። አስቀድሞ የታወቀ ነገር ግን ምንም መረጃ የለውም። «ድር ቢያብር አንበሳ» ብዬ ባቆም የመጨረሻውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያንን ቃል በስልክ ብልክላችሁ ዳታ አባከንኩ እንጂ ምንም አልነገርኳችሁም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የምትልኩትን ማሳነስ ነው። ቋንቋ ውስጥ የሚገመት ነገር ብዙ ነው። «አለ» የሚለውን ጽሑፍ አስቡት። ላልቶም ጠብቆም ይነበባል፤ ተናገረ ወይም ይገኛል። ፊደላችን አይለየውም፤ ዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ግን ይለየዋል። ሻነን በ1951 ባወጣው ጥናት ሰዎችን እያስገመተ የእንግሊዝኛን ልክ አወጣ። ከገማቾቹ አንዷ ባለቤቱ ቤቲ ነበረች፤ እሷም የቤል ላብስ የሒሳብ ባለሙያ ናት። በደንብ ከገመታችሁ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚሸከመው አዲስ ነገር አንድ ቢት ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፎቶአችሁንና ዚፕ ፋይላችሁን የሚያሳንሰው ዘዴ ሁሉ ይሄን ትርፍ ነው የሚያወጣው። ደጋግመን የምንጠራውን እናሳጥራለን፤ ቴሌ እንላለን እንጂ ኢትዮ ቴሌኮም እያልን አንውልም። ኮምፒውተሩም እንደዚሁ ነው፤ የሚበዛውን በአጭር፣ የሚያንሰውን በረጅም ይጽፋል።

እግረ መንገዴን የራሳችንን ጉዳይ ላንሣ። መደበኛው የግዕዝ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ 231 ነው። 231 ነገር ለመለየት 8 ቢት ይበቃል። ስልኮቻችንና ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ ኤይት በሚባለው አጻጻፍ ግን አንድ የአማርኛ ፊደል 24 ቢት፣ ማለትም 3 ባይት ይወስዳል፤ የእንግሊዝኛው 1 ባይት ነው። በኤስኤምኤስ ደግሞ አንድ መልእክት 160 የእንግሊዝኛ ፊደል ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል። ሸፍጥ የለበትም፤ ቀድሞ የመጣው አጭሩን ቦታ ያዘ፣ የእኛ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። የሻነን ሚዛን የሚነግረን ግን አማርኛ በተፈጥሮው ከባድ አለመሆኑን ነው። የከበደው ማሸጊያው ነው።

ኔትወርክ ሲንኮሻኮሽ

ትልቁ ግኝት ገና ነው። በመጥፎ ኔትወርክ የሒሳብ ቁጥር በስልክ ነግራችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ እንጮኻለን። ካልሆነ እንደግማለን። ሰውየው መልሶ እንዲያነብልን እናደርጋለን። ከ1948 በፊት የነበሩት ኢንጂነሮችም ከዚህ የተለየ አያስቡም ነበር፤ ስህተት እንዲቀንስ ወይ ኃይል ጨምር፣ ወይ ደጋግመህ ቀስ በል። ፍጹም ትክክል እንዲሆን ከፈለግህ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል ብለው ያምኑ ነበር።

ሻነን አይደለም አለ። እያንዳንዱ መስመር የራሱ የመሸከም ልክ አለው። ከዚያ ልክ በታች እስከላካችሁ ድረስ፣ መልእክቱን በብልሃት ካሰናዳችሁት፣ ረብሻ ባለበት መስመርም ስህተቱን የፈለጋችሁትን ያህል ማሳነስ ትችላላችሁ። ከልኩ ካለፋችሁ ግን ምንም ብልሃት አያድናችሁም።

የልኩን ቀመር ሳየው ኢኮኖሚክሱ መጣብኝ። ልኩ በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በሞገዱ ስፋትና ምልክቱ ከረብሻው በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ። ኃይል መጨመር እየቀነሰ የሚሄድ ጥቅም ነው ያለው፤ ኃይሉን እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት ጥቂት ጭማሪ ብቻ ነው። ረብሻው ባለበት እስከቆየ ድረስ ስፋቱን እጥፍ ብታደርጉ ግን አቅሙም እጥፍ ሊሆን ይቀርባል። ማክሮ ያልገባን ማይክሮ ላይ የተማርነው ሕግ፣ አየር ላይ! ቴሌኮሞች የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱት በዚህ ምክንያት ነው።

አረጋገጠበት መንገድም ይገርማል። ጥሩ የሆነ አንድ ኮድ ፈልጎ አላመጣም። ሊኖሩ የሚችሉትን ኮዶች ሁሉ አማካይ ውጤት አሰላ፤ አማካዩ ጥሩ ሆነ። የክፍሉ አማካይ 80 ከሆነ ቢያንስ አንድ ተማሪ 80 ወይም ከዚያ በላይ አምጥቷል። ስለዚህ ጥሩ ኮድ በርግጥ አለ። የትኛው ነው? እሱን አልነገረንም። አለ ብሎ ሄደ።

የመምህሩ ረጅም ሰልፍ

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የአንድ ሰው አይደለም። ከሻነን ጋር በአንድ ወቅት ቢሮ የተጋራው ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 ስህተትን ራሱ የሚያርም ኮድ አወጣ። ዴቪድ ሃፍማን ደግሞ በኤም አይ ቲ የሮበርት ፋኖ ተማሪ ነበር። ፋኖ ለተማሪዎቹ ፈተና መውሰድ ወይም አንድ ጥናት መሥራት ብሎ አማራጭ ሰጠ። የጥናቱ ጥያቄ ፋኖም ሻነንም በቅርብ ርቀት እንጂ እስከ ጫፉ ያልፈቱት ነበር፤ ይሄን ግን ለተማሪዎቹ አልነገረም። ሃፍማን ፈታው። በ1952 የታተመው መፍትሔ ዛሬም ጄፔግ ፎቶአችሁ ውስጥ አለ። በ1960 ደግሞ ሪድና ሶሎሞን የተባሉ ሁለት ሰዎች ያወጡት ኮድ አለ። የካፌ ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ የቴሌብር ኪውአር ኮድ ጫፉ ተፍቆ፣ ቡና ፈስሶበት የሚነበበው በእሱ ነው። ኪውአር ከፍተኛ ጥበቃ ሲደረግለት ሠላሳ ከመቶው ቢበላሽም ይነበባል።

ሻነን ራሱ በ1956 ወደ ኤም አይ ቲ በእንግድነት መጣ፣ በ1958 ቋሚ ፕሮፌሰር ሆኖ ቀረ። እስከ 1978 አስተማረ። እንደ መምህር ቀላል ሰው አልነበረም፤ ዓይን አፋር ነው፣ ብዙ ተማሪ አይዝም፣ ደብዳቤ ሳይመልስ ያከማቻል። ነገር ግን ተማሪ ችግሩን ይዞ ሲመጣ መልስ አይሰጠውም፤ ነገሩን የሚያገላብጥ ጥያቄ ይጠይቀዋል። በ1952 ቤል ላብስ ውስጥ ስለ ፈጠራ አስተሳሰብ በሰጠው ንግግር ዘዴዎቹን ዘርዝሯል። ችግሩን እስኪያንስ ድረስ አቅልለው። የሚመስለው የተፈታ ችግር ፈልግ። በሌላ አነጋገር ደግመህ ጻፈው። በትንንሹ ቆራርጠው። መልሱን እንዳገኘህ ቆጥረህ ከኋላ ወደ ፊት ና። ለፈተና ብቻ ሳይሆን ሥራ ለሚፈልግም ይጠቅማል፤ እኔ ጽሑፍ ሲያቅተኝ የመጀመሪያውን እጠቀማለሁ።

ከተማሪዎቹ አንዱ አይቫን ሰዘርላንድ ነው። በ1963 ስኬችፓድ የሚባል፣ በብርሃን እስክሪብቶ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚሣልበት ፕሮግራም ሠራ። ዛሬ ስክሪን እየነካን የምንሠራው ሁሉ የእሱ የልጅ ልጅ ነው። እዚያው ኤም አይ ቲ የተማረውና ኋላም ከሻነን ጋር ጥናት ያሳተመው ሮበርት ጋላገር በ1960 የዶክትሬት ሥራው አንድ ኮድ አቀረበ። የዘመኑ ኮምፒውተር ሊሸከመው ስላልቻለ ሠላሳ ዓመት ገደማ ተረስቶ ተቀመጠ። የጋላገር ተማሪ የነበረው ቱርካዊው ኤርዳል አሪካን አንካራ ሆኖ ለዓመታት ዝም ብሎ ሠርቶ በ2009 ሌላ ኮድ አሳተመ። በመሀል በ1993 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ቤሩና ግላቪዩ፣ ቱርቦ ኮድ የሚባለውን ይዘው መጡ። ሻነን የተናገረው ልክ አጠገብ ስለደረሰ መጀመሪያ ባለሙያዎቹ አላመኗቸውም።

አሁን ስልካችሁን እዩት። 4ጂ የሚል ካለ ዳታችሁን ከስህተት የሚጠብቀው የፈረንሳውያኑ ቱርቦ ኮድ ነው። 5ጂ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በ2022 የጀመረው ማለቴ ነው፣ ዳታው በጋላገር ኮድ፣ መቆጣጠሪያ ምልክቱ በአሪካን ኮድ ይሄዳል። በ1948 አለ የተባለው ነገር እጃችን ላይ እስኪገባ ከአርባ አምስት ዓመት በላይና የሦስት ትውልድ መምህርና ተማሪ ፈጀ።

ዝናው ሲመጣ

ከ1948 በኋላ የመረጃ ቲዎሪ ፋሽን ሆነ። የሥነ ልቦናውም፣ የባዮሎጂውም፣ የኢኮኖሚክሱም ሰው ቃሉን እያነሣ በየጽሑፉ ይለጥፈው ጀመር። ሻነን ዝም ብሎ ጭብጨባውን መቀበል ይችል ነበር። በ1956 አንድ ገጽ የማትሞላ ጽሑፍ አውጥቶ ግን ቀዝቀዝ በሉ አለ፤ ቲዎሪው ከሚችለው በላይ እየተወደሰ ነው፣ እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱን ከባድ ሥራ ይሥራ። የራሱን ገበያ በራሱ እጅ አቀዘቀዘ። ዛሬ በኤአይ ስም የሚሸጠውን ሁሉ ሳይ ይቺ ገጽ ትዝ ትለኛለች።

እሱ ራሱ ጽሑፍ ማሳተሙን እየቀነሰ ሄደ። ዊንቸስተር የሚገኘው ቤቱ በመሣሪያና በመጫወቻ ተሞላ። ቀደም ብሎ፣ በ1950፣ መንገዱን እየሞከረ የሚማርና የሚያስታውስ የአይጥ ማሽን ሠርቶ ነበር። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ይነዳል፤ ኳስ እያፈራረቀ ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልባል፤ የዚያንም ሒሳብ ጽፏል። በ1961 ከኤድ ቶርፕ ጋር ሆኖ ልብስ ውስጥ የሚደበቅ ኮምፒውተር ሠርቶ ላስ ቬጋስ ሩሌት ላይ ሞከሩት። ማሽኑ ሠራ፤ ሽቦው እየተበጠሰ አስቸገራቸው እንጂ። ከቤቲ ጋር አክሲዮን ገበያ ውስጥም ገብቷል። የገንዘባቸው አብዛኛው የመጣው ግን ከተራቀቀ ቀመር አልነበረም፤ ሰዎቹን በሚያውቃቸው ጥቂት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ውስጥ አስቀምጦ በመታገሥ ነው።

ያ ሁሉ ጊዜ ባከነ የሚሉ አሉ። እንደዚያ ያለ ጭንቅላት ለመጫወቻ? እኔ እንደዚያ አላየውም። የአጥር ሽቦውም መጫወቻ ነበር። የቡል ሎጂክም በዘመኑ ከመጫወቻ አይሻልም ነበር። የትኛው ጨዋታ ለልጅ ልጅ እንጀራ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ሻነንም አያውቅም ነበር።

ግን ታሪኩን ደስ የሚላችሁን ነገር ተከተሉ ብሎ መዝጋት ማጭበርበር ይሆንብኛል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሒሳቡን ማን ከፈለ ብሎ ይጠይቃል። የሻነንን ትዕግሥት የከፈለው የአሜሪካ ስልክ ደንበኛ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ ብቸኛ ሻጭ ስለነበር የተረጋገጠ ገቢ ነበረው፤ አሥር ዓመት የሚጠብቅ ጥናት መመገብ ይችል ነበር። ሞኖፖሊ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። በ1956 የአሜሪካ መንግሥት ኩባንያው የነበሩትን የፈጠራ መብቶች ሌሎች ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙባቸው አስገድዶታል፤ ሕዝቡ የከፈለውን በከፊል ያስመለሰው እንደዚያ ነው። ኋላም ደመወዙን ዩኒቨርሲቲ ከፈለ። ጋላገር ሠላሳ ዓመት፣ አሪካን ደግሞ አንካራ ላይ ረጅም ጊዜ የጠበቁት በመምህርነት ደመወዝ ነው።

ስለዚህ አንድ ወጣት የአማርኛ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነገር ልሠራ ነው ቢል፣ ወይም ንጹሕ ሒሳብ ላጥና ቢል፣ እንጀራ ይሆናል ወይ ብሎ መጠየቅ ያለብን እሱን ብቻ አይደለም። እሱን ተቋማቱንም መጠየቅ አለብን። ከዳታ የሚሰበሰበው ገንዘብ ውስጥ ለእንደዚህ ዓይነት ረጅም ጥያቄ የሚቀመጥ ድርሻ አለ ወይ? የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ከምርቃት ማግስት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብሱ የሻነን የማስተርስ ጽሑፍም እንደዚያ ቢቀር ኖሮ የሚለውን አስቡት።

በ1985 እንግሊዝ ብራይተን ላይ የዘርፉ ሊቃውንት ሲሰበሰቡ ሻነን ድንገት ብቅ አለ። ወሬው በአዳራሹ ተሰማ፤ ትልልቅ ፕሮፌሰሮች ፊርማ ለማስፈረም ተሰለፉ። እራት ላይ እንዲናገር ሲጋበዝ ጥቂት ተናገረና እንዳይሰለቻቸው ፈርቶ ከኪሱ ሦስት ኳሶች አውጥቶ እየወረወረ ይቀልብ ጀመር። በዚያው ዓመት ጃፓን የኪዮቶን ሽልማት ሰጠችው።

ከዚያ የመርሳት በሽታ፣ አልዛይመር፣ ያዘው። ኢንተርኔት ዓለምን ሲያጥለቀልቅ፣ ሲዲና ሞባይል በየቤቱ ሲገባ፣ የመጨረሻ ዓመታቱን በእንክብካቤ ማዕከል ያሳለፈው ሰው የዚህ ሁሉ ምንጭ መሆኑን ማወቅ አልቻለም። መረጃን የለካው ሰው የራሱን ትዝታ አጣ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2001 በ84 ዓመቱ አረፈ። አዲስ አበባ ውስጥ ሞባይል ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር።

እናንተስ እንጀራ አይሆንም ተብላችሁ የተዋችሁት ትምህርት ወይም ሥራ አለ? ጻፉልኝ። ቸር ይግጠመን።